የማሽን ዝግጅት ጊዜ፦ ከሂሮሺማ እስከ ነፋስ ስልክ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ሕዝቡ ለአዲሱ መሣሪያ ከራሱ ቋንቋ ስም አወጣለት፤ መሣሪያው ሲረሳ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ከዚያም የባቡሩ ሐዲድና የደብረ ዘይት መንገድ በሚያልፉበት በዚሁ አቅጣጫ ፋብሪካዎች እየበዙ ሄዱ፤ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባለው ክፍለ ከተማ የቀለም፣ የለስላሳ መጠጥና የልዩ ልዩ ሸቀጥ ማምረቻዎች ይገኙበታል።

በማናቸውም እንዲህ ባለ ፋብሪካ ውስጥ በምርት መዝገብ ላይ እምብዛም የማይታይ አንድ ጊዜ አለ። ይኸውም ማሽኑ አንዱን ዕቃ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ለሌላው ዕቃ እስኪሰናዳ ድረስ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ቅርጽ ማውጫው ይፈታል፣ አዲሱ ይታሠራል፣ ልኩ ይስተካከላል፣ ጥቂት ዕቃ ለሙከራ ይበላሻል። አንድ ማሽን በየደቂቃው አንድ ዕቃ ያወጣል እንበል፤ ዝግጅቱም 4 ሰዓት፣ ማለትም 240 ደቂቃ ይወስዳል። 240 ዕቃ ብቻ ቢሠራ እያንዳንዱ ዕቃ 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። 2,400 ቢሠራ ግን ወደ 1.1 ደቂቃ ይወርዳል። ከዚህም የተነሣ የፋብሪካ ኃላፊዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ማምረትን እንደ ጥበብ ሲቆጥሩ ኖሩ። ዝግጅቱ ራሱ ወደ 10 ደቂቃ ቢወርድ 240 ዕቃ እያንዳንዱ በ1.04 ደቂቃ እንደሚወጣ ግን ለረጅም ዘመን ብዙዎች አላሰቡበትም። ይህ ስሌት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

ጉዳዩን በሚገባ የመረመረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሂሮሺማ ከተማ ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ይሠራ በነበረው በቶዮ ኮግዮ ፋብሪካ ትልልቆቹ ፕሬሶች ሥራውን ስላጓተቱ ኃላፊዎቹ ተጨማሪ ፕሬስ መግዛት ፈለጉ። ሺንጎ አስቀድሞ ሥራውን በሰዓት እየለካ እንዲመለከት ፈቃድ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን የ800 ቶኑ ፕሬስ ቅርጽ ማውጫ ሲለወጥ አንድ ቡሎን ጠፋ። ሠራተኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈልግ ቆይቶ ከጎረቤት ማሽን ረዘም ያለ ቡሎን አምጥቶ ቆርጦና ጥርስ አውጥቶ ተጠቀመበት። ለዚህኛው ማሽን መፍትሔ ተገኘ፤ ቡሎኑ የተወሰደበት ማሽን ተራው ሲደርስ ምን ሊሆን ነው?

ሺንጎ ከዚህ ያገኘው ነገር ቀላል ይመስላል። ማሽኑ ካልቆመ በቀር የማይሠራ ዝግጅት አለ፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በጎን ሊከናወን የሚችል ዝግጅትም አለ። ቡሎን መፈለግ፣ መፍቻ ማምጣት፣ ቅርጽ ማውጫውን ከግምጃ ቤት ማጓጓዝ የኋለኛው ነው፤ ሁለቱ ግን ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። በ1957 በዚያው ከተማ በሚትሱቢሺ የመርከብ ፋብሪካ ለአንድ መላጊያ ማሽን ሁለተኛ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ አንዱ ሞተር ሲላግ ሌላው በጎን እንዲስተካከል በማድረጉ ምርቱ 40 ከመቶ ጨመረ። በ1969 ደግሞ በቶዮታ የ1,000 ቶን ፕሬስ ዝግጅት 4 ሰዓት ይወስድ ነበር፤ የጀርመኑ ፎልክስቫገን ተመሳሳዩን በ2 ሰዓት ይፈጽማል መባሉ ቶዮታን አስጨነቀ። በ6 ወር ውስጥ ወደ 90 ደቂቃ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ወደ 3 ደቂቃ ይውረድ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ከሌላ ሦስት ወር በኋላ ይኸው ተደረሰበት። ቶዮታ የተረፈውን ሰዓት ያዋለው ብዙ ለማከማቸት ሳይሆን ጥቂት በጥቂቱ፣ በሚፈለገው ዓይነት ለማምረት ነበር።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በጥር 1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ፋብሪካዎች በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲውሉ፣ በ1971 ዓ.ም. የምርት ዘመቻና የማዕከላዊ ፕላን ሥራ ሲጀመር፣ የፋብሪካ መለኪያ ኮታ ሆነ። በቶን ወይም በቁጥር የሚቆጠር ኮታ ደግሞ ማሽን አቁሞ ዓይነት መለወጥን ሊያበረታታ አይችልም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን ለቱኒዝያ የሰጠችውን የጥራትና የምርታማነት ድጋፍ ተመልክተው ተመሳሳዩ ለኢትዮጵያ እንዲደረግ ጠየቁ። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላም የካይዘን ልህቀት ማዕከል ተብሏል። በሁለተኛው ምዕራፍ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ትምህርቱን ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እንዲያደርሱ መደረጉ ለመምህራን በቀጥታ የሚነካ ውሳኔ ነበር።

አጀማመሩ በአምስቱ ‘ማ’ዎች ማለትም በማጣራት፣ በማስቀመጥ፣ በማጽዳት፣ በማላመድና በማዝለቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ የጠፋውን ቡሎን የሚያስገኝ ማስቀመጥ ነውና። ይሁን እንጂ መፍቻው በሥዕሉ ልክ በሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ የዝግጅቱ ሰዓት ካልተለካ ሥራው ከጽዳት አያልፍም። ችግሩ ለውጭ ምንዛሪ እጥረት ላለበት አገር ቀላል አይደለም። ዝግጅት የሚያስረዝመው ፋብሪካ በምንዛሪ የተገዛ ጥሬ ዕቃ ገና ገዢ ላላገኘ ሸቀጥ ያውላል። ማሽን አነሰኝ ብሎ ሌላ ያስመጣል፤ የቀድሞው ግን የቀኑን እኩሌታ ቆሞ ሊውል ይችላል።

ሠራተኛው ለሚያድርበት ሥጋትም ቦታ መስጠት ያሻል። ሰዓት ይዞ ከአጠገቡ የሚቆም ሰው ሥራውን ሊያፋጥንበት ወይም ሊያስቀንሰው የመጣ ቢመስለው አያስደንቅም። በሂሮሺማ የተለካው የሰውዬው እጅ ፍጥነት ሳይሆን የቡሎኑ መጥፋት እንደነበረ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እንደ ነፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ላሉ ማሠልጠኛዎች የሚቀርበው ጥያቄ ስለዚህ ከቶርኖው ፍጥነት ይልቅ ስለ ቶርኖው መቆም ነው። የተግባር ፈተና ብረቱ መቆረጥ ከጀመረበት ደቂቃ ሲቆጠር ሠልጣኙ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ የማንም እንዳልሆነ አድርጎ ይማረዋል። ቆጠራው የመጨረሻው ዕቃ ከወጣበት ተጀምሮ የአዲሱ የመጀመሪያ ደኅና ዕቃ እስኪወጣ ቢደረግ፣ አንዱ ሠልጣኝ ሲሠራ ሌላው እያንዳንዱን እርምጃ ከነደቂቃው ቢመዘግብ፣ ከዚያም የትኛው እርምጃ ማሽኑ እየዞረ ሊሠራ ይችል እንደነበር ሁለቱ አብረው ቢለዩ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ወረቀት ነው።