የካርፕ ማጥመጃ ዘንግ፤ ታሪኩና ምርጫው



ከወር ደመወዙ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ፤ በርካሽ ዋጋ ገዝቶት የነበረውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በተሻለ ለመለወጥ የተነሣ ሰው ወደ ሱቅ ሲገባ፤ የተደረደረው ዘንግ ሁሉ ጥቁርና ቀጭን፤ ልዩነቱም በዋጋው ላይ ብቻ መስሎ ይታየዋል። አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ያወጣል። ሻጩ «ይህኛው ይበረታል» ይለዋል፤ ገዢውም ብርታት ሁሉ መልካም ነው ብሎ ያምናል። ካርፕ የተባለውን ትልቅ ዓሣ ለማጥመድ ለሚሻ ሰው ግን ይህ እምነት ገንዘቡንም ዓሣውንም ሊያሳጣው ይችላል። ስለምን እንደሆነ ለመረዳት የዘንጉን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። ታሪኩ በይበልጥ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካርፕ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከውጭ አገር መጥቶ በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች ተራብቷል። ነገር ግን በእኛ አገር ዓሣ አጥማጁ በአብዛኛው በመረብ ይዞ ለገበያ ያቀርበዋል። እንግሊዛዊው ግን ዘንጉን በውሃው ዳር አጋድሞ፤ ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያድርና፤ ዓሣው በተያዘለት ጊዜ መዝኖ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ዓሣን ከገበታ ላይ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቢያስገርመው አይፈረድበትም።

በ1496 በእንግሊዝ አገር የታተመው ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚናገር ጥንታዊ ድርሳን፤ ካርፕ በአገሩ ጥቂት መሆኑን፤ አፉም ጠንካራ በመሆኑ ለመያዝ እንደሚያስቸግር ያመለክታል። በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ ዝነኛ መጽሐፍ ያሳተመው አይዛክ ዋልተንም ለዚሁ ዓሣ ከፍ ያለ ማዕርግ ሰጥቶ፤ አጥማጁ ብዙ ትዕግሥት እንዲኖረው ይመክራል። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲያልፍ የሰዎች አስተያየት ብዙም አልተለወጠም። ትልቅ ካርፕ በመንጠቆ አይያዝም፤ ቢያዝም በአጋጣሚ ነው ይባል ነበር። በ1930 አልበርት በክሊ የተባለ አጥማጅ በማፐርሊ የውሃ ማጠራቀሚያ 26 ፓውንድ፤ ማለትም 11.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካርፕ አወጣ፤ ይህም ክብረ ወሰን እስከ 1951 ድረስ ሳይነካ ቆየ።

ዓሣው ብልህ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የዓሣው ብልሃት አልነበረም። በዚያ ዘመን በገበያ የሚገኘው ዘንግ በጠቅላላው ከሁለት ዓይነት አንዱ ነበር። አንደኛው ለትናንሽ ዓሦች የተሠራ ለስላሳ ሲሆን፤ ትልቁ ካርፕ በሸሸ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጎብጦ ኃይሉን ይጨርሳል። ሁለተኛው ለሳልሞንና ለፓይክ የተሠራ ደንዳና ነበር፤ ይህም አልታጠፍ ስለሚል ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ መንጠቆው ከዓሣው አፍ ይነቀላል። ዘንግ ማለት ክሩን ከድንገተኛ ጉተታ የሚያድን ምንጭ እንጂ ዓሣውን የሚጎትት ፍልጥ እንጨት አይደለምና፤ ለካርፕ የሚሆነው ከሁለቱ መካከል ያለው ነበር። እርሱንም የሚሸጥ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህን ክፍተት የሞላው ሪቻርድ ዎከር ነው። በ1918 የተወለደው ይህ ሰው በሙያው መሐንዲስ ስለነበረ፤ ሌላው አጥማጅ በዕድሉ ሲያማርር እርሱ ጉዳዩን በሚዛንና በስሌት መረመረው። በጊዜው የተሻለው ዘንግ የሚሠራው ከቀርከሃ ነበር፤ ይኸውም እንዲሁ የተቆረጠ ቀርከሃ ሳይሆን፤ በደቡብ ቻይና ከሚበቅለው ቶንኪን ከሚባለው ዓይነት በቀጭኑ ተሰንጥቆ፤ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጥሮች በሙጫ ተጣብቀው ባለ ስድስት ጎን ሆኖ የሚወጣው ነው። የቀርከሃ ጥንካሬ በውጭኛው ቅርፊቱ አጠገብ ባለው ቃጫ ስለሆነ፤ ይህ አሠራር ምርጡን ክፍል ሁሉ ወደ ውጭ ያደርገዋል። ጥበቡ በአሜሪካ በ19ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋ ነው።

ዎከር ደጋግሞ ከሠራቸው መካከል ማርክ 4 የሚባለው ዘንግ ታዋቂ ሆነ። ርዝመቱ 10 ጫማ፤ ማለት 3.05 ሜትር ሲሆን በሁለት ክፍል የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ዛሬም ለገዢ የሚጠቅም አንድ መለኪያ አለ፤ እንግሊዞች ቴስት ከርቭ ይሉታል። የዘንጉ እጀታ ቀጥ ብሎ ተይዞ፤ ጫፉ ከእጀታው ጋር የዘጠና ዲግሪ ማዕዘን እስኪሠራ ድረስ ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ክብደት ነው። የማርክ 4 ልክ 1.5 ፓውንድ፤ ወይም 680 ግራም ያህል ነበር። ዛሬ በየሱቁ ከሚሰቀሉት ጋር ሲነጻጸር ይህ ቁጥር ግማሽ ያህል ነው።

መስከረም 13 ቀን 1952፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 1945 ዓ.ም.፤ ዎከር በሄርፎርድሸር በሚገኘው ሬድማየር በተባለ ትንሽ ኩሬ ከንጋት በፊት በዚሁ ዘንግና 12 ፓውንድ በሚችል ክር 44 ፓውንድ፤ ማለት 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካርፕ ያዘ። ባለፈው ዓመት በዚያው ኩሬ ተይዞ የነበረው 31 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነበርና፤ ብልጫው ያስደነቃል። ዓሣዋ ወደ ሎንዶን የእንስሳት መካን ተወስዳ ክላሪሳ በሚል ስም እስከ 1971 ድረስ ለሕዝብ ስትታይ ኖረች። ከዚያች ሌሊት በኋላ ትልቅ ካርፕ አይያዝም የሚለው ንግግር አበቃ። ዎከር በ1953 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ ረጋ ውሃ ዓሣ ማጥመድ ያወቀውን ለሁሉ አካፈለ።

ቀርከሃው ግን ብዙ አልቆየም። በኮሪያ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከ1950 መጨረሻ ጀምሮ ከቻይና ጋር ያላትን ንግድ ስታቋርጥ የቶንኪን ቀርከሃ በዚያ አገር ብርቅ ሆነ፤ ቀድሞ የተጀመረው ፋይበር ግላስ የሚባለው የመስተዋት ቃጫም ቦታውን ያዘ። ይህ ዘንግ አይበሰብስም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ሆኖም ከተወረወረ በኋላ ጫፉ ቶሎ አይረጋም። ከዚያ በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በፋርንበሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ለአውሮፕላን ሥራ ታስቦ ብርቱ የካርቦን ቃጫ ተገኘ፤ በ1970ዎቹም ወደ ዓሣ አጥማጆች እጅ ደረሰ። ካርቦን ቀላልና ፈጣን ነው። በመጀመሪያ ሀብታም ብቻ የሚገዛው ነበር፤ አሁን ግን ርካሹም ዘንግ «ካርቦን» ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ብዙ ሙጫና የመስተዋት ቃጫ የተቀላቀለበትም ያንኑ ስም ይሸከማል።

እንግዲህ ዘንጎቹ ስለምን ደነደኑ? በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ ማጥመጃውን በመንጠቆው ላይ ሳይሆን ከመንጠቆው ሥር በተንጠለጠለ ቀጭን ክር ላይ የሚያስሩበትን ዘዴ አወጡ። ከከባድ እርሳስ ጋር ሲጠቀሙበት፤ ዓሣው ማጥመጃውን ስቦ ሲሸሽ በእርሳሱ ክብደት ራሱን ይወጋል። ደግሞም አጥማጆች ጠጠር ተቆፍሮ በወጣባቸው ሰፋፊ ሐይቆች ይሠፍሩ ስለጀመሩ፤ መቶ ግራም የሚያህል እርሳስ ከመቶ ሜትር በላይ መወርወር አስፈለጋቸው። ለዚህ የ12 ጫማ ርዝመትና የ3 ወይም የ3.5 ፓውንድ ልክ ያለው ዘንግ ተገቢ ነው። ይህ ግን የመወርወር ፍላጎት እንጂ ዓሣ የመያዝ ፍላጎት አይደለም። ሠላሳ ሜትር በሚሆን ኩሬ ዳር የሚቀመጥ ሰው፤ ውድ ነው ብሎ እንዲህ ያለውን ቢገዛ፤ ወደ ዎከር ዘመን ደንዳና ዘንግ ይመለሳል፤ ዓሣው እግሩ ሥር ደርሶ ድንገት በሸሸ ጊዜ የሚታጠፍለት ነገር የለምና መንጠቆው ይነቀላል። ለእንዲህ ያለው ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ፓውንድ ያለው ይበቃዋል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። የካርፕ አጥማጅ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ በአንድ ጊዜ የመዘርጋት ልማድ ስላለው፤ በአንዱ ላይ የሚታየው ልዩነት በወጪው ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይባዛል።

የ1952ቱ ክብረ ወሰን የተሻለው በ1980 ነው። ፋይበር ግላሱም ካርቦኑም በገበያ ሞልቶ ሳለ፤ ክሪስ ዬትስ የተባለ አጥማጅ በዚያው በሬድማየር 51 ፓውንድ ተኩል፤ ማለት 23.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካርፕ በአሮጌ የማርክ 4 የቀርከሃ ዘንግ ያዘ። ይህን የምጠቅሰው ቀርከሃ ግዙ ለማለት አይደለም፤ ቀርከሃ እንክብካቤ ይሻል፤ ይከብዳልም። በልኩ የተመረጠ ዘንግ ከዘመኑ ኋላ ቢቀርም ሥራውን እንደሚሠራ ግን ያሳያል።

ከርካሹ ወደ ተሻለው ሲለወጥ ገንዘቡ በእርግጥ የሚታየው በሌላ ስፍራ ነው። የተሻለው ዘንግ ይቀልላል፤ ጫፉ ከተወረወረ በኋላ ሳይወዛወዝ ይረጋል፤ የሁለቱ ክፍል መጋጠሚያ አይላወስም። ከሁሉ ይልቅ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ማየት ይገባል። ውስጣቸው የተሰነጠቀ እንደሆነ ክሩን እንደ ምላጭ ይበላዋል፤ ስንጥቁም ለዓይን አይታይም። ጥቂት ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ማሸት ነው፤ የተሰነጠቀው የጥጡን ጭረት ይዞ ያስቀራል። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም ከመብራት ሽቦ በታች ወይም በነጎድጓድ ጊዜ ማንሳት ለሕይወት አደገኛ ነው።

በዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚጠራጠር ገዢ እዚያው በሱቁ ሊለካው ይችላል። ክር በቀለበቶቹ አሳልፎ ጫፉን በሚንጠለጠል ሚዛን ላይ ያስራል፤ ጓደኛው እጀታውን ቀጥ አድርጎ ይይዝለታል፤ ጫፉ ዘጠና ዲግሪ እስኪጎብጥ ቀስ ብሎ ስቦ ሚዛኑን ያነባል።