የሞተር ሳይክል ካቴናና ጥርሶች አመራረጥ፦ ለውርጌሳና አካባቢው ተገልጋዮች የቀረበ መረጃ

በውርጌሳና በአካባቢዋ በሞተር ሳይክል የሚሠሩም ሆኑ የመሥሪያ ቤት ሞተር የሚያሽከረክሩ ተገልጋዮች ካቴና በሚቀይሩበት ጊዜ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ካቴና የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ሰንሰለት ነው። የሚዞረውም በሁለት ባለጥርስ ክብ ብረቶች ላይ ሲሆን፣ አንዱ ከካምቢዮ በሚወጣው ዘንግ ላይ የሚገጠመው የፊት ጥርስ፣ ሌላው ከኋላ ቸርኬ ጋር የሚታሰረው የኋላ ጥርስ ነው። በአገራችን በተለምዶ ባጃጅ እየተባለ የሚጠራው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ካቴና ስለሌለው ይህ መረጃ አይመለከተውም። ስለዚህም የቦክሰር ሞተር ያለው ተገልጋይ ሱቅ ሄዶ «የባጃጅ» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የሞተሩን ሞዴል በትክክል ቢገልጽ ከስህተት ይድናል።

ስለ ካቴና ሲነሳ ብዙ አሽከርካሪ የሚያስበው ዳገት መውጣትን ነው። ካቴና ግን ቁልቁለት ላይም ይሠራል። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ወይም ከድልብ ወደ ወልድያ በሚወረድበት ጊዜ አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ፍጥነቱን እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ያንን የመያዝ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ካቴናው ነው። ያረጀ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲዘል ወይም ሲበጠስ ሸክሙ በሙሉ ወደ ፍሬን ይዞራል። ከዚህም በላይ የተበጠሰ ካቴና በፊት ጥርሱ ላይ ተጠቅልሎ የኋላ ጎማን በድንገት ሊቆልፍ፣ የሞተሩንም አካል ሊሰብር ይችላል። ሰው ጭኖ ለሚወርድ አሽከርካሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

መቀየር ያለበት መቼ ነው

ካቴና «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ ተስቦ ረዘመ ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ቀለበት የሚያያይዘው ፒንና ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ በአቧራና በዘይት እጦት ይፋቃሉ፤ በየመጋጠሚያው የሚፈጠረው ጥቂት ክፍተት ከመቶ በላይ ቦታ ሲደመር ካቴናው ይረዝማል። በሥራ ላይ ባሉ አነስተኛ ሞተሮች ዘንድ በብዛት የሚገኘው 428 ቁጥር ካቴና አዲስ ሳለ ከአንደኛው ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካቴናው ተወጥሮ በሜትር ሲለካ ይህ ርቀት ወደ 259 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የአገልግሎት ዘመኑ አብቅቷል። ሜትር ለሌለው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ በኋላ ጥርሱ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ካቴናውን በእጅ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ካቴናው ከጥርሱ ተላቅቆ የጥርሱ ግማሽ ያህል ከታየ መቀየር ይኖርበታል።

ያማሃ ኤጂ የመሳሰሉ ሞተሮች ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ በመሆኑ ከአቧራና ከጭቃ በተሻለ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ስለማይታይ ይረሳል። እንዲህ ያለ ሞተር የተረከበ ሠራተኛ መሸፈኛውን ከፍቶ የመመልከት ልማድ ሊኖረው ይገባል።

ካቴናው ብቻ ወይስ ጥርሶቹም

አዘውትሮ የሚፈጸመው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ካቴናው ብቻ ይገዛና በአሮጌ ጥርሶች ላይ ይገጠማል። አሮጌው ካቴና በረዘመ ቁጥር ጥርሶቹን በራሱ ልክ ሲፍቃቸው ቆይቷል፤ ጫፋቸው እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን የታጠፈውም ለዚሁ ነው። አዲሱ ካቴና ከእነዚህ ጥርሶች ጋር ልኩ ስለማይገናኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያረጃል። ተገልጋዩም ለሁለተኛ ጊዜ ካቴና፣ በላዩም ጥርሶቹን ለመግዛት ይገደዳል። ስለሆነም ካቴናው፣ የፊት ጥርሱና የኋላ ጥርሱ በአንድ ጊዜ እንዲቀየሩ ይመከራል። የፊት ጥርስ በመጠኑ አነስተኛ በመሆኑ በየዙሩ ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ ከኋላው ቀድሞ የሚያልቅ ነው፤ አቅም ለጊዜው ካልፈቀደ ቢያንስ እርሱን አብሮ መቀየር ይገባል።

ቁጥሩን ማንበብ

በካቴናው ቀለበት ጎን ላይ 420፣ 428 ወይም 520 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። የመጀመሪያው አኃዝ በሁለት ተከታታይ ፒኖች መካከል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይገልጻል፤ 4 ከሆነ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ 5 ከሆነ ደግሞ 15.875 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የተቀሩት ሁለት አኃዞች ጥርሱ የሚገባበትን የውስጥ ስፋት ያመለክታሉ። 420 ወደ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ 428 ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው። ሁለቱ የፒን ርቀታቸው አንድ ስለሆነ በዓይን በቀላሉ ይመሳሰላሉ፤ 420 ቁጥር ካቴና ግን በ428 ጥርስ ላይ አይገባም፣ 428 ካቴና ደግሞ በ420 ጥርስ ላይ ቢገባም ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤች» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ጎኑ የወፈረ፣ ጠንከር ያለ ዓይነት መሆኑን ያሳያል፤ ጭነት ለሚበዛበትና ዳገት ለሚወጣ ሞተር ተመራጭ ነው።

የቀለበቶቹ ብዛትም መቆጠር አለበት። በአንድ መጋጠሚያ የሚዘጋ ካቴና ብዛቱ ምንጊዜም ተጋማሽ ቁጥር ነው። የረዘመውን በመቁረጫ ማሳጠር ይቻላል፤ ያጠረውን በቁራጭ መቀጠል ግን ደካማ ቦታ መጨመር ስለሆነ አይመከርም። ለፊት ጥርስ ከጥርሱ ብዛት በተጨማሪ በመሃሉ ያለው ሽንሽን፣ ለኋላው ደግሞ የመሃል ቀዳዳው ስፋትና የቡሎኖቹ ቀዳዳ ብዛት ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ይኖርባቸዋል። ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ለግዢ የሚሄድ ተገልጋይ አሮጌዎቹን ዕቃዎች ይዞ ቢሄድ ከሁሉም የተሻለ ነው።

የጥርስ ብዛት መለወጥ

ዳገት ስለበዛ የፊት ጥርሱን በአንድ መቀነስ የተለመደ ምክር ነው። ውጤቱ በሒሳብ ይታወቃል፦ የኋላው ብዛት ለፊተኛው ይካፈላል። ለምሳሌ 42 ለ14 ሲካፈል 3 ይሆናል። የፊቱ 13 ቢደረግ 3.23 ይመጣል፤ ይህም የኋላውን ከ42 ወደ 45 ከማሳደግ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሞተሩ በዳገት ይበረታል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ፍጥነት 8 በመቶ ያህል አብልጦ መሽከርከር ስለሚኖርበት በመርሳና በወልድያ መካከል ባለው አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። በትንሽ ጥርስ ላይ ካቴናው በጠባቡ ስለሚታጠፍም ቶሎ ያረጃል። ቀኑን ሙሉ በገጠር ቀበሌዎች ዳገት ላይ ለሚውል ሞተር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለሌላው ግን ከፋብሪካ የመጣውን ብዛት መጠበቅ ይሻላል። «ሌላው አልተገኘም» በሚል ምክንያት ብቻ የተለየ ብዛት መግጠም አይገባም።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

የመጋጠሚያው ክሊፕ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍት ጫፉ ወደ ኋላ ሆኖ መግባት አለበት። በተቃራኒው ከገባ አንድ ድንጋይ ወይም የካቴና መሸፈኛው ነክቶት ሊፈታ ይችላል። በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ጥርሶቹ በአንድ ጎናቸው ይበላሉ። የካቴናው ልልነት በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች በመሃሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለመስክ በተሠሩት ከዚህ ይበልጣል፤ ወሳኙ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና ሰው ሲጫን ይበልጥ ይወጠርና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል። አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ስለሚላላ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

ለቅባት 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በቂ ነው። ግራሶ አቧራ ከመሰብሰቡ በቀር ወደ ፒኑ አይዘልቅም፤ የተቃጠለ ዘይትም የብረት ፍቅፋቂ የያዘ ነው። ለማጽዳት ነጭ ጋዝ ይሻላል። ቤንዚን በተለይ በቀለበቶቹ መካከል የላስቲክ ማኅተም ያለውን ካቴና ያበላሻል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የካቴናውን ሁኔታ ለማየት የሚጠበቅ ቀን መሆን የለበትም፤ በክረምት ጭቃ የሚሠራ ካቴና በሁለት ምርመራዎች መካከል ሊያልቅ ይችላልና። ግዢን በተመለከተ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ደረሰኝና የዕቃው ማሸጊያ ይቀመጡ፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር በዕቃው ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልተመሳሰለ ዕቃው ሳይገጠም ወደ ሻጩ ይመለስ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ዕቃው በተገዛበት ወረዳ ወይም ከተማ ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ደረሰኙን አያይዞ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።