ብክለትን በባክቴሪያ የማጽዳት ታሪክ፦ ከፈጠራ መብት ክርክር እስከ አላስካ ዳርቻ



የዛሬው ገለጻዬ መርዛማ ኬሚካሎችን በባክቴሪያ ስለማፍረስ ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ የአንድ ባክቴሪያ ድል ተደርጎ ይተረካል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራናል። በመስክ ላይ ሥራውን የሠሩት በአብዛኛው ቀድሞውኑ በስፍራው የነበሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሰው ድርሻ የጎደላቸውን ማወቅና ማሟላት ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነዳጅን የሚመገቡ ደቂቅ ዘአካላት መኖራቸው የታወቀው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። አሜሪካዊው የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ክሎድ ዞቤል በ1946 ባሳተመው ሰፊ ዳሰሳ፣ ሃይድሮካርቦንን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች በአፈርና በባሕር ውስጥ በስፋት እንደሚገኙ አመልክቷል። ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ነዳጅ የካርቦንና የኃይል ምንጭ ነው። በኢንዛይሞቻቸው አማካይነት ኦክስጅንን ከሞለኪውሉ ጋር ያጣምራሉ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ይሰባብሩታል። ሂደቱ ከተሟላ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ነዳጅ ለመራባት የሚያስፈልጓቸውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበቂ መጠን አይሰጣቸውም። በኋላ የመጣው ታሪክ በአብዛኛው በዚህ ጉድለት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

በ1972 ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተጀመሩ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጁ አናንዳ ቻክራባርቲ፣ የተለያዩ የነዳጅ ክፍሎችን ለማፍረስ የሚያስችሉ አራት ፕላስሚዶችን በአንድ የሱዶሞናስ ባክቴሪያ ውስጥ አሰባስቦ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1980 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተፈረደለት። ውሳኔው በሰው ጥረት የተገኘ ሕያው ፍጡር የፈጠራ መብት ሊሰጠው እንደሚችል በማረጋገጡ ለባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ በር ከፈተ። ባክቴሪያው ራሱ ግን በነዳጅ መፍሰስ አደጋ ላይ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም።

በዚያው ዓመት በፔንሲልቬኒያ ግዛት አምብለር በተባለ ስፍራ፣ ከቧንቧ ያፈተለከ ቤንዚን የከርሰ ምድር ውኃን በክሎ ነበር። የሰን ኦይል ባልደረባ ሪቻርድ ሬይመንድና ጓደኞቹ አዲስ ባክቴሪያ አላመጡም። በጉድጓዶች በኩል አየር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በማስገባት በዚያው የነበሩትን አበረቱ። ይህ ሥራ በፍርድ ቤት አላከራከረም፤ የጋዜጦችም መነጋገሪያ አልሆነም። የኋላው የመስክ አሠራር የተከተለው ግን የሬይመንድን መንገድ ነው።

ታላቁ ፈተና የመጣው መጋቢት 24 ቀን 1989 ነው። ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ፣ በፕሪንስ ዊሊያም ሰላጤ ከባሕር ውስጥ ዓለት ጋር ተጋጭታ 41 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። የጽዳት ሠራተኞች ዳርቻውን በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ሙቅ ውኃ አጠቡት፤ ሙቀቱና ግፊቱ ግን በዚያ የሚኖሩትን ፍጥረታት ጭምር ጎዳ። ስለሆነም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም፣ ኩባንያውና የአላስካ ግዛት በጋራ ሌላ ሙከራ ጀመሩ። ከነዳጅ ጋር የሚጣበቅ ፈሳሽ ማዳበሪያና ቀስ በቀስ የሚሟሟ ጠጣር ማዳበሪያ በዳርቻው ላይ አኖሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማዳበሪያ የተረጨባቸው ድንጋዮች ጠርተው ታዩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ነዳጁን ባክቴሪያዎቹ በሉት ወይስ ፈሳሹ እንደ ሳሙና አጠበው? ወይስ ማዕበል ወሰደው? መልሱን ያስገኘው ሆፔን ነው። ሆፔን በድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ባክቴሪያዎች በቀላሉ የማያፈርሱት ውህድ ነው። ማዕበል ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አንድ ላይ ይወስድ ነበር። የሌሎቹ ውህዶች መጠን ከሆፔን አንጻር ከቀነሰ ግን ሥራው የባክቴሪያዎች ነው ማለት ነው። በ1994 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚህ ዘዴ ተጠቅሞ፣ የመፍረሱን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት ለባክቴሪያዎቹ የሚደርሰው የናይትሮጅን መጠን መሆኑን አሳየ።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ኦክስጅንና አልሚ ንጥረ ነገር በማይደርስበት በድንጋዩ ሥር የተቀበረው ነዳጅ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ተገኝቷል። በሌላ በኩል፣ ለልብስ ንጽሕናና ለብረት ማጽጃ ያገለግል የነበረው ቴትራክሎሮኤቲሊን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። በ1997 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ባክቴሪያ፣ የዚህን መርዝ ክሎሪን አንድ በአንድ አውልቆ ጉዳት ወደሌለው ኤቲሊን የሚለውጠው ኦክስጅን በሌለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ስፍራ የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም።

ይህ ለእኛም ትርጉም አለው። በሞጆና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ኤለመንት ስለሆነ በየትኛውም ባክቴሪያ አይፈርስም። ባክቴሪያ ሊያደርግ የሚችለው ይበልጥ መርዛማ የሆነውን ባለስድስት ቫለንስ ቅርጹን ወደ ባለሦስት መለወጥ ነው፤ ብረቱ ግን በዚያው ይቀራል። ስለሆነም «ይህ ባክቴሪያ ሁሉን ያጸዳል» የሚል ሻጭ ሲመጣ፣ ከመግዛታችን በፊት ብክለቱ ምን እንደሆነ፣ በስፍራው እነማን እንደሚኖሩ፣ ምን እንደጎደላቸውና ውጤቱ በምን እንደሚለካ መጠየቅ ይገባናል። ተማሪዎቼ ከዚህ ታሪክ ይዘውት እንዲወጡ የምፈልገው እነዚህን አራት ጥያቄዎች ነው።