የመድን አዋጆቻችንና የዜግነት ጥያቄ

መድን ማለት ዋስ ማለት ነው። ለዋሱስ ዋሱ ማን ነው? ሦስት መንግሥታት በአዋጅ የሰጡት መልስ ስለ ንብረት ብቻ ሳይሆን ስለ ዜግነትም ብዙ ይናገራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ለረጅም ጊዜ የባዕዳን ነበር። በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ የነበረው የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ነው። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተመሠረተው በ1951 ነው።

አዋጅ ቁጥር 281/1970 ዛሬም ሲነበብ ያስገርማል። የመድን ምክር ቤትና የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከማቋቋሙም በላይ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሆነ አክሲዮን ማኅበር ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከተከፈለው ካፒታልም በጠቅላላ መድን ቢያንስ 51 በመቶ፣ በሕይወት መድን ቢያንስ 30 በመቶ የኢትዮጵያውያን እንዲሆን አዘዘ። ባዕዱን ሳያባርር ባለአገሩን ባለድርሻ አደረገ ማለት ነው። ይህን የሠራው በአድኃሪነቱ መፈክር ስናሰማበት ያደግነው ሥርዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1975 ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰ። በአዋጅ ቁጥር 68/1975 የተተካው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም እስከ 1994 ድረስ ተወዳዳሪ አልነበረውም። አረቦኑ በዛብኝ፣ ካሳው ዘገየብኝ የሚል ሰው ወዴት ይሂድ? ሻጩም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነበር።

አዋጅ ቁጥር 86/1994 በሩን መልሶ ከፈተ፤ የከፈተው ግን ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነው። የንጉሡ አዋጅ ለባዕድ የተወውን ድርሻ ይህኛው ጨርሶ ዘጋው። አብሮ የተዘጋበት ደግሞ ተሰዶ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘው የዚያችው አገር ልጅ ነው። የ2002ቱ የቢጫ ካርድ አዋጅ «እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ትቆጠራለህ» ብሎ ተስፋ ቢሰጠውም፣ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2012 ክልከላውን አጸናው። በ2016 ብሔራዊ ባንክ የትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ከባንኮችና ከመድን ኩባንያዎች እንዲወጣ አዘዘ። ለባለቤቶቹ የተመለሰላቸው በሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ በጨረታ የተገኘው ብልጫ ለመንግሥት ገቢ ሆነ። ደርግ እንኳ ሲወርስ በስሙ ጠርቶ ውርስ ብሎት ነበር!

በ2019 አዋጅ ቁጥር 1163 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የመድን አክሲዮን እንዲገዙ ፈቀደ። ጥሩ ነው። ግን በ2016 ለአገሪቱ ፋይናንስ ያሰጋል የተባለው ገንዘብ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን አግኝቶ ተፈላጊ ሆነ? በግድ የሸጡት ሰዎች ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው።