ዜግነት ጡረታ ይወጣልን?

ስለ ስደት በተጻፈ ቍጥር ከድህነት ወደ ሀብት፣ ከሙቅ አገር ወደ ብርድ የሚተመው ሰው ይነሣል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዘው ግን ይዘነጋል፤ የጡረታ አበሉን ይዞ ከሰሜን አውሮፓ ጭጋግ ወደ ሞቃቱ የደቡብ ጠረፍ የሚወርደው። እርሱን «ስደተኛ» ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው። ነገር ግን ድንበር የተሻገረ ሁሉ የሚከፍለው ዕዳ አለ።

እንግሊዛዊው ሃሪ ሺንድለር ለዚህ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለዱት ሺንድለር በ1944 ኢጣሊያን ከናዚ ለማላቀቅ በአንዚዮ ግንባር ተዋግተዋል። በ1982 ጡረታ ወጥተው ወደዚያችው አገር ተመለሱና በአድሪያቲክ ባሕር ጠረፍ፣ በሳን ቤኔዴቶ ዴል ትሮንቶ ኑሯቸውን መሠረቱ። ፓስፖርታቸውን አልቀየሩም፤ እንግሊዛዊነታቸውንም አልካዱም።

የብሪታንያ ሕግ ውጭ አገር ለሚኖር ተራ ዜጋ ድምፅ መስጠትን የፈቀደው በ1985 ሲሆን፣ ገደቡ 5 ዓመት ነበር። በ1989 ወደ 20 ከፍ አለ፤ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 15 ዝቅ አደረገው። በዚህ ስሌት አሮጌው ዘማች ከመራጭነት ተሰረዙ። ለስትራስቡርጉ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ በ2013 ተረቱ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት የመራጭነትን መብት ከአገሩ ጋር የቅርብ ትስስር ላለው ዜጋ መወሰኑን ተገቢ ዓላማ ነው አለ።

ክርክሩ ሚዛን አይጎድለውም። ለብዙ ዘመን የራቀ ሰው በማይኖርበት አገር ግብርና ትምህርት ላይ ለምን ይወስን? የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ግን የተለየ ነበር። ጥያቄው አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ነውና፣ የነዚያን ጡረተኞች የመኖሪያ መብት በቀጥታ ይነካ ነበር። ሺንድለር በለንደን ፍርድ ቤቶችም ከሰሱ፤ አልተሳካም። በ51.9 በመቶ ድምፅ መውጣት ሲወሰን፣ የዕጣው ባለቤቶች ዳር ቆመው ተመለከቱ። ቀድመው የሠፈሩት በመውጫው ስምምነት ተጠበቁ፤ ከ2020 መጨረሻ በኋላ የሚመጣው ጡረተኛ ግን ለመኖር እንደማንኛውም ባዕድ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

የ15 ዓመቱ ገደብ በ2022 ሕግ ተሻረ፤ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 2024 ነው። ሺንድለር ግን በየካቲት 2023፣ በ101 ዓመታቸው አርፈው ነበር። ፍትሕ ደረሰች፤ ባለጉዳዩ ግን አልጠበቃትም።

ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል። ከዜግነቱስ? አንባቢ ይፍረድ።