ሰንደቅ ዓላማ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር

ከናይሮቢ መሐል ከተማ ወደ ሩንዳ የሚያመራ መንገደኛ ጊጊሪ ሲደርስ የተባበሩት መንግሥታትን ግቢ ያገኛል። በዚያ ከተሰለፉት የአባል አገሮች ባንዲራዎች መካከል የኢትዮጵያው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ፣ በመሐሉ ሰማያዊ ክብና ኮከብ ይዞ ይውለበለባል። በጥምቀት ዕለት ታቦት የሚያጅቡ ኢትዮጵያውያን ምእመናን የሚይዙት ግን በአብዛኛው ኮከብ የሌለበትን ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ወደ ታሪክ ይመልሰናል።

ሰንደቅ ማለት እንጨቱ፣ ዓላማ ማለት ምልክቱ ነው። ምልክቱ ከክርስትና ጋር የተቆራኘው ገና በጥንት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ312 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከማክሴንቲዩስ ጋር ሲዋጋ ሠራዊቱ የክርስቶስን ስም ምልክት በዓርማው ላይ እንደያዘ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የጦር ዓላማና የመስቀል ምልክት በብዙ አገር አብረው ኖረዋል። በእንግሊዝ ጡረታ የወጡ የክፍለ ጦር ዓላማዎች በየካቴድራሉ ይሰቀላሉ። በአሜሪካም በብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የአገሪቱ ባንዲራ እና በ1897 በብሩክሊን የታሰበው «የክርስቲያን ባንዲራ» ጎን ለጎን ይቆማሉ።

በኢትዮጵያ ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ተጋጥመው የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የሆኑትም በዚያው ዓመት፣ ማለትም በ1890 ዓ.ም. መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀደም ሲል ቀለማቱ በተለያዩ ቀጫጭን ዓላማዎች ይውለበለቡ ነበር። ከዚህ ጥቂት አስቀድሞ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሠራዊቱ ዓድዋ ላይ ሲዋጋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ወጥቶ ነበር፤ ዕለቱም የጊዮርጊስ በዓል ነበር። ታቦትና ዓላማ በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ የተጣመሩት እንዲህ ባለው ቀን ነው። ከአምስት ዓመት የኢጣልያ ወረራ ማብቂያ ላይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ያውለበለቡት በጥምቀት ማግስት ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ለቀለማቱ የምትሰጠው ትርጓሜ ከኖኅ ኪዳን የተወሰደ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ቀስተ ደመናን የቃል ኪዳን ምልክት አደረገ፤ አባቶችም ቀስተ ደመናውን የኪዳነ ምሕረት ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ። ይህ ትርጓሜ የሃይማኖት ትርጓሜ ነው፤ ጨርቁ ግን የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሥራ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የአንዱንም ክብር አይቀንስም።

የመንግሥት ምልክት በበኩሉ ከመንግሥት ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል። የንጉሡ ዘመን አንበሳ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት በትር ይይዝ ነበር። ደርግ ዘውዱን አነሣ፤ የበትሩም ጫፍ የጦር ጫፍ ሆነ። የአሁኑ የኮከብ ዓርማ ደግሞ በጥር 1988 ዓ.ም. በአዋጅ ጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ይከለክላል። በዚህ የተነሣ ያለ ዓርማ ባለሦስት ቀለም ይዞ ታቦት ማጀብ በመንግሥት ዓይን ፖለቲካ፣ በምእመኑ ዓይን ሥርዓት ሆኖ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን በአዲስ አበባ የወይብላ ማርያም ታቦት ሲመለስ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ከክርክሩ ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር።

በውጭ አገር አዋጁ አይደርስም፤ ክርክሩ ግን ይደርሳል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ በተከፈለችበት ዘመን፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ በስደት አጥቢያዎች የትኛው ባንዲራ ይሰቀል የሚለው ጥያቄ ማን ይግባ ማን ይቅር ከሚለው ጋር ይያያዝ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን እዚህ ላይ የሚያስተምሩን አላቸው። በምዕራብ ኬንያ የሚገኙት የሮሆ አማኞች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ቀይ መስቀል አድርገው፣ ከበሮ እየመቱ ሰልፍ ሲወጡ የሚይዙት ባንዲራ የመንግሥት አይደለም፤ የእምነታቸው ምስክር ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ባንዲራ ተለወጠ ብሎ አንዱ ሌላውን አይጠራጠርም።

ለእኛ ግን ያው ጨርቅ ሁለት ሸክም ተሸክሟል፤ የአገርም የኪዳንም ነው። ባለ ኮከቡን የሚይዝ ሰው ኪዳኑን ካደ፣ ኮከብ የሌለውንም የሚይዝ አገሩን ካደ የሚያሰኝ ማስረጃ በታሪክ ውስጥ የለም። ባለሦስት ቀለሙ በጥምቀት ዕለት የሚከተለው ታቦትን ነው እንጂ ታቦት እርሱን አይከተልም። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ አጥቢያ፣ በሩን በዓርማ ምክንያት በማንም ላይ ሊዘጋ አይገባውም።