ሻንጣው ውስጥ ያለ ጦርነት

ወዳጅ ከአውሮፓ ሲመለስ «ምን ይዤላችሁ ልምጣ?» ካለን መልሳችን ያው ነው፤ የጣሊያን ጫማ፣ ቀበቶ፣ ካልሆነም ቦርሳ። ለመሆኑ በዚያ ዕቃ ውስጥ የእኛም ታሪክ እንዳለበት እናውቃለን?

ነገሩ የሚጀምረው ፍሎረንስ ነው። ጉቺዮ ጉቺ በወጣትነቱ ለንደን፣ ሳቮይ ሆቴል ሲሠራ የሀብታም እንግዶች ሻንጣ ልቡን ማረከው፤ በ1921 እ.ኤ.አ. (ዘመኑ ሁሉ እንደዚያው ነው) በትውልድ ከተማው የቆዳ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ጫማ ሠሪው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞም በ1927 ከአሜሪካ ተመልሶ እዚያው ከተመ።

በኦክቶበር 1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። በቀጣዩ ወር የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን አልተካተተምና ታንኩ አልቆመም። የተቸገሩት የፍሎረንስ ባለሙያዎች ናቸው። ጉቺ ቆዳ ሲያጥረው ሻንጣውን ከሄምፕ ሸራ ሰፋ፤ ባለጥለቱ ሸራም የቤቱ መለያ ሆነ። ፌራጋሞ ተረከዝ የሚደግፍ ጥሩ ብረት ቢያጣ የሰርዲኒያ ቡሽ ደራርቦ፣ ሴቶች ዛሬም የሚጫሙትን ድፍን ተረከዝ ሠራ።

ማዕቀቡ በጁላይ 1936 ተነሣ። አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር አልፏት ነበር። አያቶቻችንን ያላዳነው ማዕቀብ ለፋሽን ግን ውርስ ትቶ አለፈ።

አትግዙ አንልም፤ ኪሳችን ከቻለ እኛም እንገዛለን። ብቻ ሻጩ «በችግር ጊዜ የተወለደ ጥበብ» እያለ ሲያሞግስልን፣ ችግሩን ማን እንዳመጣው እንጠይቀው።